ግማሹን እኔ፣ ግማሹን ጊዜ፦ የአንድ የቆዳ ጃኬት የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር መግቢያ

ሥራው ይህ ነው። አንድ አዲስ የቆዳ ጃኬት አሰፋለሁ። ቀኝ ግማሹን በእጄ አስረጀዋለሁ። ግራ ግማሹን ሳልነካው ዝም ብዬ እለብሰዋለሁ። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አያለሁ።

ሱቅ ውስጥ «ያረጀ መልክ» የተሰጣቸው ጃኬቶች አሉ። ክርናቸው ነጣ ብሏል፣ ስፌታቸው ተፈግፍጓል፣ ኮሌታቸው የተጨማደደ ይመስላል። አንዳንዱ በእውነት ያምራል። አብዛኛው ግን ከሩቅ ስታየውም አንድ ነገር ቅር ይልሃል። ምኑ እንደሆነ በእጄ ነክቼ ማወቅ ፈለግኩ። ቀበቶና ቦርሳ ስለምሠራ መሣሪያው ቤት አለ። ጃኬት አልሰፋም፤ ለዚያ ሰፊ አለኝ።

ይሄ ያረጀ ጃኬት መውደድ ብዙው የመጣው ከአብራሪዎች ነው። የአሜሪካ ጦር የአየር ክፍል ኤ-2 የሚባለውን ጃኬት የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። አብዛኛው የፈረስ ቆዳ ነበር። በ1943 ጦሩ አዲስ ማሠራት አቆመ። ከጦርነቱ የተረፉት ጃኬቶች ሰብሳቢ እጅ ገቡ፣ ተወደዱ፣ ተኮረጁ። የአሜሪካ አየር ኃይል በ1988 ጃኬቱን መልሶ ሲያስገባው ደግሞ ከፍየል ቆዳ አሠራው። እኔም የምሠራው በፍየል ነው፤ በምን ምክንያት እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ስለ ማስረጀት ሲወራ ሁሉም የሚያነሳት አንዲት ሴት አለች። የመጀመሪያው የኢንዲያና ጆንስ ፊልም (እ.ኤ.አ. 1981) የአልባሳት ዲዛይነር ዴቦራ ናዱልማን ናት። የዋናውን ተዋናይ አዳዲስ ጃኬቶች ራሷ ቁጭ ብላ በሰንጢና በሽቦ ብሩሽ ፍቃ አስረጀቻቸው። ፊልሙ ላይ ጃኬቱ ዕድሜውን ሙሉ ዋሻ ለዋሻ የዞረ ይመስላል። ልብ በሉ ግን፣ እሷ ያስረጀችው ለካሜራ ነው። ካሜራ በጣቱ አይዳብስም።

ኅዳር አጋማሽ፣ ቆዳ ፍለጋ

ቆዳ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ፊቱን ሳይሆን የተቆረጠውን ጠርዝ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ አብዛኛው ቆዳ የሚለፋው በክሮም (ክሮሚየም ከሚባለው ብረት በሚሠራ ጨው) ነው። በክሮም የለፋ ቆዳ ከበርሜሉ ሲወጣ ሰማያዊ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ «ዌት ብሉ» ሲሉት የምትሰሙት ይሄ ነው። ቀለም የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ቀለሙ እስከ መሃል ካልዘለቀ ውስጡ አመዳም ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። ጥቁር ጃኬት ገዝታችሁ ክርኑ ሲፈገፈግ ግራጫ ነገር ብቅ ካለ ምክንያቱ ይሄ ነው። እንዲህ ያለው ጃኬት ሲያረጅ የተገረፈ እንጂ የኖረ አይመስልም።

የድሮዎቹ የአብራሪ ጃኬቶች ብዙዎቹ በታኒን (ከዛፍ ቅርፊት በሚወጣ ማልፊያ) የለፉ ነበሩ። ታኒን ቡናማ ስለሆነ ላዩ ሲሳሳ ከሥር የሚወጣው ሞቅ ያለ ቡናማ ነው። አንዳንድ የጃፓን ጃኬት ሠሪዎች ዛሬ ይህንን ሆን ብለው ያዘጋጁታል። ውስጡን ቡናማ አድርገው ላዩን በስስ ጥቁር ይሸፍኑታል። የለበሰው ሰው በሄደበትና በተቀመጠበት ልክ ቡናማው ቀስ እያለ ይወጣል። እኔም የምፈልገው ይህንን ነው።

በግ ወይስ ፍየል? የኢትዮጵያ በግ ቆዳ ውጭ አገር ስሙ የሚነሳው ለጓንት ነው። ስስ ነው፣ ግን አይቀደድም። ሱፋም በጎች በላይኛውና በታችኛው የቆዳ ንጣፍ መሃል ብዙ ስብ ስላላቸው ቆዳቸው ሊላቀቅ ይችላል። ጸጉራሙ የኛ በግ ይህ ችግር የለበትም። ሆኖም ለኔ ሥራ ስስነቱ አስፈራኝ። ግማሽ ሚሊ ሜትር በሚሆን ቆዳ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ማሳረፍ ማለት ቆዳውን መጨረስ ማለት ነው። ፍየል ፊቱ ጠጠር ጠጠር ያለ ነው፣ ጠንካራም ነው። የባቲ ፍየል ቆዳ ውጭ ድረስ በስሙ የሚፈለገው ያለ ነገር አይደለም። ጠጠሮቹ ደግሞ ለኔ ዓላማ ይመቻሉ። መፈግፈጉ ከጫፋቸው ይጀምራል፣ በመሃላቸው ጥቁሩ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ። የኛ አገር ቆዳ ከእንስሳው ላይ ይዞት የሚመጣው ታሪክ ብዙ ነው። እሾህ የጫረው፣ በቅማልና በመዥገር መሰል ተባይ የሚመጣው እከክ፣ የብረት ምልክት አለበት። ፋብሪካ ውስጥ ይሄ ሁሉ እንደ ጉድለት ይቆጠራል። ፊቱ ይፈገፈግና በወፍራም ቀለም ይሸፈናል። ከዚያ ያው ለስላሳ ቆዳ ወደ ጃኬት ሠሪ ይሄዳል፣ ጃኬት ሠሪው ደግሞ ብሩሽ አንስቶ የውሸት ጭረት ይጭርበታል። እውነተኛውን ጭረት አጥፍተን ለሐሰተኛው እንከፍላለን። እኔ ጭረት ያለበትን ቆዳ መረጥኩ። ሻጩ ገርሞት ዋጋ ቀነሰልኝ፤ አልተከራከርኩም።

ያገኘሁት ቆዳ እስከ መሃል ድረስ ቡናማ የተነከረ ነው። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀለም የሚረጭ ወርክሾፕ ወስጄ ላዩን ስስ ጥቁር አስረጨሁት። ሠራተኛው ሊያወፍረው ፈለገ። «እንዲህ ስስ ከሆነ ቶሎ ይለቅብሃል» አለኝ። እንዲለቅ ነው የምፈልገው ስለው ዝም ብሎ አየኝ።

ታኅሣሥ፣ የጋሼ ጃኬት

ሰፊው እየሰፋ ሳለ የምቀዳው ነገር ያስፈልገኝ ነበር። የእውነት ያረጀ ጃኬት ያለው አጎቴ ነው። ጋሼ ላዳ ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ጃኬቷን የገዛት በደርግ መጨረሻ ላይ ነው፣ ያወለቃት ደግሞ መንዳት ሲያቆም። ለምን እንደፈለግኳት ስነግረው ሳቁ መጣ።

«አንተ ልጅ፣ አዲስ ጃኬት አሰፍተህ ልታስረጀው ነው?»

«ግማሹን ብቻ ነው ጋሼ።»

«ግማሹን! እሱማ ይባስ።»

ግን ሰጠኝ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በመብራት አየኋት። ይቺ ጃኬት የላዳው ውስጥ ካርታ ናት።

ግራ ክርኗ ከቀኙ በጣም የገረጣ ነው። መፈግፈግ ብቻ አይደለም፣ ፀሐይ ነው። ሹፌሩ በግራ ነው የሚቀመጠው፣ ክርኑን መስኮት ላይ ይጥላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ ቀለም ትበላለች። ቀኝ እጅጌዋ ጫፉ ላይ አልቋል፤ ማርሽ ነው። ቀኝ ኪሷ አፉ ተለጥጦ ወደ ውጭ ተገልብጧል፤ የሚመለስ ሳንቲም የሚኖረው እዚያ ነበር። ግራ ኪሷ ግን አዲስ ነው ማለት ይቻላል። ላይኛው ጀርባ ለስልሶ ያብለጨልጫል። ወገብ አካባቢ ግን አግድም እጥፋቶች አሉ፣ ሰው ሲቀመጥ ቆዳው የሚጠራቀምበት ቦታ ነው። ኮሌታው ከውስጥ በኩል በአንገት ላብ ጠቁሯል። ብብቷ ሥር ቀለሙ እንደ መጀመሪያው ቀን ነው፤ እዚያ የሚነካው ፀሐይም ወንበርም የለም።

ሁለት ነገር ያዝኩ። አንደኛ፣ ሁለቱ ጎኖች በምንም አይመሳሰሉም። ሱቅ ውስጥ ያሉት «ያረጁ» ጃኬቶች ግን ሁለቱም ክርናቸው እኩል ነጥቷል፣ ስፌቱ ሁሉ ከላይ እስከ ታች በአንድ ልክ ተፈግፍጓል። በሁለት እጁ እኩል የሚሠራ፣ በሁለቱም ጎኑ እኩል የሚደገፍ ሰው የለም። ሁለተኛው ነገር ይበልጣል። ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ስዳብሳት፣ ቀለሙ የለቀቀበት ቦታ ካልለቀቀው ይልቅ ለስላሳ ነው። የገረጣው ቦታ ያብለጨልጫል። ይሄን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

ታኅሣሥ መጨረሻ፣ በቁርጥራጭ ላይ

ሰፊው የተረፈውን ቁርጥራጭ በፌስታል ሰጠኝ። ጃኬቱን ከመንካቴ በፊት ሁሉን ነገር በዚህ ላይ ሞከርኩ።

መጀመሪያ ውኃ። አንድ ጠብታ ላዩ ላይ ጣል ታደርጋለህ። ጠብታው ቁጭ ካለ ቆዳው በወፍራም ሽፋን ተለብጧል። ሰምጦ ቦታው ከጠቆረ ሽፋኑ ስስ ነው ወይም የለም። የኔ ቀስ ብሎ ሰመጠ፤ ጥሩ ነው። ለማነጻጸር ከአንድ የተጣለ ጃኬት የቆረጥኩት ቁራጭ ላይ ጠብታዋ እስክትተን ድረስ ቆመች። የዚህኛው ሽፋን እንደ ላስቲክ ነው። ስታጥፈው ይታጠፋል፣ ብዙ ስታጥፈው ይሰነጠቃል እንጂ አይለሰልስም። እንዲህ ያለው ቆዳ በጊዜም በሰውም እጅ አያምርበትም።

ሰልቫጅ ውስጥ ያገኘሁት ሰው ሠራሽ «ሌዘር» ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ጨርቅ ላይ የተለጠፈ ፕላስቲክ ነው። እርጥበትና ጊዜ ፕላስቲኩን ይፈታዋል፣ ከዚያ በቅርፊት ይነሳል። ለዚያ ነው ሳይለበስ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎም የሚላላጠው። ይሄ እርጅና አይደለም፤ መፍረስ ነው።

ብርጭቆ ወረቀት። ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል። በ220 ቁጥር ስጀምር ጥቁሩን አልፎ ቡናማውንም አልፎ ጭረት ብቻ ሆነ። 400 ይሻላል። 600 ግን ልኩ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል፣ የምትፈልገው ጋ ስትደርስ ማቆም ትችላለህ። የሽቦ ብሩሹንም ሞከርኩት። ከሦስት ሜትር ላይ ድንቅ ነው። ቀረብ ስትል ሁሉም ጭረት ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። የሕይወት ጭረት ወደ ሁሉም አቅጣጫ ነው።

አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ማለቴ ነው) ጥቁሩን ባንዴ አነሳው። ከጥቁሩ ጋር ቅባቱንም ወሰደው። ቦታው ደረቀና ሲታጠፍ ተሰማ። አልኮል ለስለስ ይላል፤ በጥጥ ነካ ነካ እያደረጉ ጥቁሩን ማሳሳት ይቻላል። እሱን ለጫፎቹ ያዝኩት።

እጥፋት ላይ ነው የከበደኝ። ሰው ሁሉ የሚለው አርጥበህ፣ ጨምድደህ፣ አስረህ አድርቀው ነው። ሁለት ቁራጭ ወሰድኩ። አንዱ ይሄው በክሮም የለፋ ፍየል ነው፣ ሌላው ለቀበቶ የያዝኩት በታኒን የለፋ ቆዳ። ሁለቱንም አርጥቤ አሰርኩ። ታኒኑ ሲደርቅ እጥፋቱን እንደያዘ ቀረ። የክሮሙ ተፈትቶ ሲሰቀል እጥፋቱ ቀስ በቀስ ለቀቀ። ክሮም ቆዳ እንደ ጎማ ወደ ነበረበት መመለስ ይወዳል። ስለዚህ «አርጥቦ መጨምደድ» የሚሠራው የድሮውን ዓይነት ቆዳ ለያዘ ሰው ነው።

የፈላ ውኃም ሞከርኩ፤ ከማወቅ ጉጉት ነው እንጂ ለጃኬቱ አይደለም። የታኒኑ ቁራጭ ተኮማትሮ ጠነከረ። እንዲህ ያለ ቆዳ ርጥብ ሳለ 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይኮማተራል። የክሮሙ ምንም አልሆነም። ጥሩ የለፋ ክሮም ቆዳ 100 ዲግሪም ይችላል። እኛ ጋ ደግሞ ውኃ የሚፈላው ገና 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ላይ «በፈላ ውኃ ፈተንኩት» የሚል ሰው ፈተናውን በቅናሽ ነው የሰጠው።

ሁለቱን ቁራጭ ግማሻቸውን በወረቀት ሸፍኜ መስኮት ላይ አስቀመጥኳቸው። ታኒኑ ፀሐይ ያገኘው ጎኑ ጠቆረ፣ የማር ቀለም ያዘ። ክሮሙ ትንሽ ገረጣ። አንዱ በፀሐይ ይበስላል፣ ሌላው ይነጣል። ያረጀ ጃኬት ሁሉ አንድ መልክ ሊኖረው የማይችለው ለዚህም ነው።

ስለ አቧራው ደግሞ። ይሄን ሥራ ቤት ውስጥ እንዳትሠሩ። ውጭ፣ ማስክ አድርጋችሁ፣ ቆዳውን ትንሽ አርጥባችሁ። ጂንስን በአሸዋ ንፋስ እየመቱ ሲያስረጁ የነበሩ የቱርክ ሠራተኞች በአቧራው ሳንባቸው ተጎድቶ ብዙዎች ሞተዋል፣ አገሪቱም አሠራሩን እ.ኤ.አ. በ2009 ከለከለች። የቆዳ አቧራ የአሸዋ አቧራ አይደለም፣ ግን ክሮም አለበት። አደገኛው ዓይነት ክሮም ስድስት የሚባለው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሰውነት የሚነካ የቆዳ ዕቃ ላይ በኪሎ 3 ሚሊ ግራም እንዳይደርስ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ደንግጓል። ቁርጥራጩንም አታቃጥሉ፤ ቃጠሎ ደህናውን ክሮም ወደ አደገኛው ሊለውጠው ይችላል። «ኦሪጅናል መሆኑን ላሳይህ» ብሎ ላይተር የሚያወጣ ሻጭ ካጋጠማችሁ ፈቀቅ በሉ።

ጥር፣ ቀኝ ጎን

ጃኬቱ ደረሰ። ሰፊው ሲያስረክበኝ አንድ ነገር አስማለኝ፦ «የኔ ሥራ ነው ብለህ ለማንም እንዳታሳይ።»

መጀመሪያ ለብሼው መስታወት ፊት ቆምኩ። እጄን አጥፌ፣ ተቀምጬ፣ እጄን ኪስ ከትቼ፣ ቆዳው የት እንደሚታጠፍ በጠመኔ አሰመርኩ። ለሌላ ሰው ጃኬት ይሄን ማድረግ አይቻልም። የፋብሪካው ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው። ጃኬቱን ሲያስረጅ ማን እንደሚለብሰው አያውቅም፤ ክርኑ የሚነጣበት ቦታ ከባለቤቱ ክርን በላይ ወይም በታች ይውላል።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ መታጠፍ፣ ከዚያ መፈግፈግ፣ ከዚያ ማሸት። እጅጌውን በልብስ አፍኜ እንደ ክንድ ሞላሁት፣ ጠመኔው ላይ ደጋግሜ አጠፍኩት። እጥፋቱ እንደታጠፈ ሳለ በ600 የጉብታውን ጫፍ ብቻ ነካሁ። ሲዘረጋ ጉብታው ቡናማ፣ ሸለቆው ጥቁር ሆኖ ወጣ። ሱቅ ያሉት ብዙዎቹ የሚጋለጡት በዚህ ነው። ጠፍጣፋ ዘርግተው ስለሚፈገፍጉ ጉብታና ሸለቆ እኩል ይነጣሉ።

ስፌቱ ላይ መጀመሪያ የወረቀት ፕላስተር ለጠፍኩ። ብርጭቆ ወረቀት የስፌት ክር አይምርም። ክሩ ዛሬ አይበጠስም፣ ይላላና ለከርሞ ይበጠሳል። በተፈጥሮ ሲያረጅ ግን ክሩ ቆዳው ውስጥ ስለሚሰጥም ከጎኑ ያለው ጠርዝ ነው ቀድሞ የሚፈገፈገው። ፕላስተሩን ስነቅል የቀረው መልክ ከጠበቅኩት በላይ እውነተኛ ሆነ።

ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ዳበስኩት። አይደለም። ቀለሙ ልክ ነው፣ ንክኪው ግን ሻካራ። የጋሼ ጃኬት ላይ ያየሁት ነገር መልሱ እዚህ ላይ ገባኝ። እጅ፣ ወንበርና መስኮት ቆዳውን ሲፈገፍጉት እየወሰዱ ብቻ አይደለም። ላብና ወዝ እየጨመሩ፣ የቆዳውን ክሮች እየተጫኑ ያስተኟቸዋል። ለዚያ ነው የነጣው ቦታ የሚያብለጨልጨው። ብርጭቆ ወረቀት የሚያውቀው መውሰድ ብቻ ነው። የተቆረጡት የቆዳ ክሮች ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ቦታው ደብዛዛ ይሆናል። ሱቅ ውስጥ ቅር ይለኝ የነበረው ይሄ ነው፦ የገረጣ ግን የማያብለጨልጭ ቆዳ።

ስለዚህ መስጠት ጀመርኩ። የንብ ሰምና የቆዳ ቅባት በትንሹ አሙቄ ቀላቀልኩ። በጣቴ እየነካሁ የፈገፈግኩትን ሁሉ አሸሁት። መጀመሪያ በመዳፍ፣ ከዚያ በጨርቅ፣ በመጨረሻ በለስላሳ አጥንት እየተጫንኩ። አሰልቺ ሥራ ነው። ሬዲዮ ከፍቼ ነው የጨረስኩት። ፋብሪካ ይሄን የማያደርገው ስላላወቀ አይመስለኝም፤ እጅ ስለሚፈጅ ነው።

ዚፑና ቁልፎቹ ቀላል ናቸው። ቀኙ ላይ ያለውን ቁልፍ ለጥቂት ጊዜ ከኮምጣጤና ጨው ጋር በተከደነ ዕቃ አኖርኩት፣ ደበዘዘልኝ። ዚፑ ግን ለሁለቱም ጎን አንድ ነው። ከላዩ የተለበጠ ርካሽ ብረት ስለሆነ ሲነካ ከሥሩ ግራጫ ወጣ። ተውኩት። እናንተም የሱቅ ጃኬት ስታዩ ዚፑንና ገበሩን እዩ። ከላይ ተጋድሎ የመጣ የሚመስል ጃኬት ውስጡ ፋብሪካ ከሸተተ ነገሩ ግልጽ ነው።

የካቲት፣ መልበስ ተጀመረ

ሰው በቀኜ ሲቆምና በግራዬ ሲቆም የሚሰጠኝ አስተያየት ይለያያል። በቀኜ የተቀመጠች ሴት «ይሄ የአባትህ ነው?» አለችኝ። ደስ አለኝ። የሥራ ባልደረባዬ በግራዬ መጥቶ «አዲስ ጃኬት፣ መልካም ነው» አለ፣ ከዚያ ዞሮ ሲያየኝ «ወንድሜ፣ በአንድ ጎንህ ነው እንዴ የምትተኛው?» ብሎ ቢሮውን አሳቀብኝ።

እውነቱን የተናገረው ሰፈር ያለው ሊስትሮ ነው። ምንም አልነገርኩትም። ሁለቱንም ክርን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። «ይሄኛውን ሠርተኸዋል» አለ ቀኙን ይዞ። በምን አወቅህ ስለው፣ «ዳር ዳሩ የለውም» አለ። ቀና ብዬ አየሁት፣ ልክ ነው። የፈገፈግኩት ቦታ ከጥቁር ወደ ቡናማ የሚሻገረው በጣት ወርድ ውስጥ ነው። በእውነት ያረጀ ቆዳ ላይ ሽግግሩ በጣም ሰፊ ነው፣ የት እንደጀመረ መናገር አይቻልም። ያንን በአልኮልና በጥጥ እያሳሳሁ አሰፋሁት፣ ከዚያ እንደገና ሰምና ቅባት። ለሁለተኛ ጊዜ ሳሳየው ትከሻውን ነቀነቀ። ከሱ ይሄ ብዙ ነው።

ሚያዝያ

ግራው መናገር ጀመረ፣ ግን እኔ ባልጠበቅኩት ቦታ። ክርኑ ገና ጥቁር ነው። ቡናማው ቀድሞ የወጣው ክንዱ ሥር፣ ከእጅ አንጓ ከፍ ብሎ ነው። የጠረጴዛ ጠርዝ! ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ስሠራ ክንዴ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። የቀኙም እዚያው ቦታ ላይ በራሱ ነጥቷል፤ እኔ ያልነካሁት ቦታ። ያስረጀ ሠሪ ሁሉ ክርን ይፈገፍጋል። ክንድ ሥር የፈገፈገ አላየሁም። አብራሪና ሞተረኛ ናቸው የምንቀዳቸው፤ እኛ ግን ውሏችን ጠረጴዛ ላይ ነው።

ሁለተኛው የግራ ኪስ አፍ ነው፣ ስልኬ እዚያ ነው። ሦስተኛው የግራ ትከሻ፣ የቦርሳ ማንገቻ። እዚያ ላይ ቀለሙ የሄደው በቀጭን መስመር ነው፣ መስመሩ ግን ቀጥ ያለ አይደለም። በቀኝ ትከሻ ደግሞ ከኋላ በኩል አንድ ጭረት ተጨምሯል። የሚኒባስ በር ነው። በሩ በቀኝ ስለሆነ ስትገባም ስትወጣም የምትታሽበት በዚያ ጎን ነው።

ቀኝ ክርን ላይ የሠራሁት ሥራ ግን ተሻሽሏል። ስለብሰው ሻካራው እየተኛ ነው። የሰምና የቅባቱ ውጤትና የኔ ወዝ የት ላይ እንደሚለያዩ አሁን መለየት ያቅተኛል። ይሄ ለኔ ዋናው ውጤት ነው። በእጅ ማስረጀት ልክ የሚሆነው ጅማሬ ብቻ ሲሆን ነው፤ ጥቂት ወስደህ ቀሪውን ለሚለብሰው ሰው ስትተው። እስከ መጨረሻ ሠርቶ የሚያስረክብ ሠሪ ለባለቤቱ የሚጨምርበት ቦታ አያስቀርለትም።

ሰኔ፣ ዝናብ

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሁለቱን ጎን ለያቸው። ግራው ላይ ውኃው ተንከባለለ። ቀኙ ላይ የፈገፈግኳቸው ቦታዎች ጠጡ፣ ጠቆሩ። ጥላ ላይ፣ ከምድጃም ከፀሐይም አርቄ አደረቅኩት። ግራው እንደነበረ ነው። ቀኝ ክርን ደረቅ ብሎ ወጣ። ቅባት ስሰጠው ተመለሰ፣ ግን በየዝናቡ ይሄን ይፈልጋል ማለት ነው። ሽፋኑ የተነሳለት ቆዳ ክፍት ነው። የጋሼ ጃኬትም ሽፋኗ ሄዷል፣ የሷ ቀዳዳ ግን ዓመታት በገባ ወዝ ተሞልቷል። የኔ ገና አልሞላም። ያረጀ መልክ ያለው ጃኬት ገዝታችሁ ከሆነ ከዝናብ በፊት ሰም ያለበት ቅባት ስጡት። የጫማ ቀለም ግን አትቀቡት፤ ቀለሙ ሸለቆውንም ጉብታውንም አንድ ያደርገዋል፣ ሸሚዛችሁንም ያበላሻል።

ለክረምት ሁለቱን ጃኬቶች፣ የኔንም የጋሼንም፣ ወፍራም መስቀያ ላይ አንጠልጥያለሁ። ላስቲክ አልሸፈንኩም፤ ላስቲክ ውስጥ ሻጋታ ያወጣል። በር ክፍት ሆኖ አየር ያገኛሉ።

እስከዚያው ሦስት ወዳጆች «የኔንም አስረጅልኝ» ብለው መጥተዋል። የአንዱ ሰው ሠራሽ ነበር፣ መለስኩት። የሌላኛው ወፍራም ቀለም የተለበጠ ነበር፤ ጠርዙን ሲያሳየኝ ውስጡ ሰማያዊ ነው፣ እሱንም መለስኩ። የሦስተኛውን ተቀበልኩ፣ ግን ለብሶት እንዲመጣ ነገርኩት። ጥቂት ወራት ይልበስና ቆዳው የት እንደሚታጠፍ ያሳየኝ፣ ከዚያ እጀምራለሁ። አልወደደውም። ሊመጣም ላይመጣም ይችላል።

የኔ ዚፕ ነገር ለመስከረም አድሯል። ነሐስ ዚፕ ከውጭ የሚያመጣ ሰው አግኝቻለሁ። ሲመጣ ሰፊው ይለውጥልኛል፤ ኮምጣጤ አላስነካውም፣ ነሐስ በራሱ ይጠቁራል። ቀኝ እጅጌ ጫፍ ላይ አንድ ክር ላልቷል፣ ፕላስተሩ ትንሽ ተነስቶ በነበረበት ቦታ ነው። እሱንም አብሮ እንዲሰፋው ጻፍኩለት።